አሥራ ሁለት ጀማሪዎችና አንድ ባልዲ ውኃ

«አንድ-ሁለት» የሚለውን ስም ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር፤ እሷ ግን ተቀብላ የራሷ አደረገችው። ስትራመድ ትቆጥራለች። ደረጃ ስትወጣ ትቆጥራለች። ምሳ ለመቀበል ተሰልፋ እንኳ ጣቷ ጭኗ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ይላል። የሦስተኛ ዓመት የቅየሳ ተማሪ ናት፤ ቅየሳ ደግሞ ዓለምን በሙሉ በሜትርና በችካል ካልከፋፈለ እንቅልፍ የማይወስደው ሙያ ነው። ቁመቷ አጭር፣ እግሯ ጠፍጣፋ፣ ትከሻዋ እንደ በር መቃን የተገተረ ነው። እንዲህ ሆና ተፈጥራ ከልጅነቷ ጀምሮ ከዳንስ በቀር የምትመኘው ነገር አልነበረም። ተፈጥሮ ስታላግጥ እንዲህ ናት፤ ምኞቱን ለአንዱ፣ ወገቡን ለሌላው ትሰጣለች።

ወገቡ የተሰጠው ላስቲክ ለሚባለው ልጅ ነበር። ላስቲክ የኮሌጁ የኪነት ቡድን መሪ ነው፤ አጥንቱ የት የት እንዳለ ሐኪም ፈልጎ አያገኝለትም፤ ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ መድረክ ላይ ያለ ይመስለዋል። አንድ-ሁለት የእሱ ቡድን ውስጥ ለመግባት ሦስት ዓመት በተከታታይ ተፈትና ሦስቴም ወደቀች። በሦስተኛው ላይ ላስቲክ ሙዚቃውን አስቆመና፣ «እህቴ፣ አንቺ እኮ የምትደንሺ ሳይሆን መሬት የምትለኪ ነው የምትመስይው» አላት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ፈገግ አለች፤ መሬት ለኪ መሆኗ ሐሰት አይደለማ። ወጥታ ግን ከሕንፃው ጀርባ ቆመችና ዓይኗን ጨፍና እስከ ሦስት መቶ ቆጠረች። በማግስቱ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ ታየ፦ «የጀማሪዎች የዳንስ ሥልጠና። መደነስ የሚችል ሰው ድርሽ እንዳይል።»

ሠላሳ አንድ ሰው መጣ። ለዘመናት በቡድኖችና በአዳራሾች ሲረገጥ የኖረው የእግረ ደረቅ ወገን ባንድ ቀን ተነሥቶ መጣ ማለት ነው። እንደ ማንኛውም ሕዝባዊ ንቅናቄ ግን በሁለተኛው ሳምንት አብዛኛው ጉልበቱን አመመው፤ አሥራ ሁለት ቀሩ። ከቀሩት ሁሉ የባሰው ግንዱ ነበር። ግንዱ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው የኤሌክትሪክ ተማሪ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ልደት ላይ ልደንስ ብሎ ኬኩን ከነጠረጴዛው ስለገለበጠ ከዚያ ወዲህ ሙዚቃ ሲሰማ እጁን ኪሱ ከትቶ ግድግዳ የሚደገፍ ሰው ነው።

«እግርህን አንሳ» አለችው አሥራ ሁለቱ ብቻ በቀሩበት የመጀመሪያ ቀን።

«የትኛውን?»

«የፈለግኸውን።»

«ምርጫ አትስጪኝ ባክሽ። ምርጫ ሲሰጡኝ ሁለቱንም ነው የማነሣው።»

እውነቱን ነበር፤ ሁለቱንም አነሣና ወደቀ።

ያን ቀን ነው ሙያዋ የደረሰላት። ሥልጠናው የሚካሄደው በአሮጌው ሕንፃ ጫፍ ባለው የቀድሞ የንድፍ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሰፊ ነው፤ በምዕራብ በኩል ከወገብ በላይ እስከ ጣሪያ መስኮት ነው። አንድ-ሁለት ሜትሯን ይዛ ገባች፤ ክር ወጠረች፤ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ለክታ ለአሥራ ሁለቱም ሰዎች የእግር ምልክት በጠመኔ ሣለች። ቀኝ እግር ቢጫ፣ ግራ እግር ነጭ። ለእያንዳንዱ ሰው ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት ቁጥር ተጻፈለት። ዳንሱ አራት ደቂቃ የሚፈጅ አራት ዙር ነበር፤ በየዙሩ መጨረሻ ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ቦታ ይሻገራል። ግንዱ ቁጥሩን እየተከተለ አሥራ ስድስት ላይ ሲደርስ ላብ በላብ ሆኖ ቀና አለ።

«ደነስኩ እኮ!»

«ገና ተራመድህ።»

«በእኛ ቤተሰብ ይኼ ዳንስ ነው» አለ ግንዱ።

ስሕተቱ የገባው በዚያው ቀን ነው። ቀያሽ ችካል ሲተክል፣ መንገዱ ሲያልቅ ችካሉ እንደሚነቀል ያውቃል። አንድ-ሁለት ተከለችና መንቀሉን ረሳች። «በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ጠመኔ እንሞክራለን» ትላለች፤ ሳምንቱ ሲመጣ ወደ ሚቀጥለው ታሸጋግረዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ «ቀና በሉና ሙዚቃውን ስሙት» ብትላቸው ግንዱ በሁለት ሴቶች ላይ ተጋደመባቸው፤ ተሳሳቁና ሁሉም ወደ ምልክቱ አቀረቀረ። አሥራ ሁለት ሰዎች ሙዚቃ መስማት ትተው ወለል ማንበብ ተማሩ። እሷ ደግሞ እግር ቦታውን ሳይስት ሲያርፍ ባየች ቁጥር ልቧ ቅቤ ይጠጣል፤ በልክ የተሠራ ነገር ሁሉ የተሠራ ይመስላታላ።

ምልክቱን በየቀኑ ማደስ ያላስፈለገው በእናቷ ነው። እናቷ እዚያው ኮሌጅ የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን ሕንፃ ጠርጋለች። ተማሪው ሁሉ «እማማ» ይላታል። የኮሌጁ ደንብ ለሠራተኛ አንድ ልጅ በነፃ ያስተምራል፤ አንድ ልጅ፣ አንድ ጊዜ። ልጁ ከተባረረ በሩ ይዘጋል፣ ዳግም አይከፈትም። እናትየው ይህን ደንብ በቃሏ ታውቀዋለች። ጠዋት ጠዋት የንድፍ ክፍሉን ስትጠርግ ትልቁን መወልወያ በር ላይ አቁማ፣ በትንሿ መጥረጊያ በእግሮቹ መካከል መካከል እየገባች፣ አንዷን ጣት ሳትነካ ትወጣለች።

«ያቺ ከመስኮቱ ሥር ያለችው ሰባት ቁጥርሽ ጠማማ ናት» አለቻት አንድ ቀን። «ሰው ትጥላለች።»

«አንቺ ደግሞ መቼ ደንሰሽ ታውቂያለሽ እማዬ?»

«መደነሱን ተዪው። በየጠዋቱ ስዞራቸው የኖርኩት እኔ ነኝ።»

ሰባት ቁጥር እውነትም ጠማማ ነበረች። ተስተካከለች።

አሁን ወደ ክፉው ነገር እንምጣ። የሦስተኛ ዓመት የቅየሳ ተማሪ ስድስት ሳምንት የመስክ ልምምድ መውጣት አለበት፤ ያልወጣ ይሰናበታል። እነዚያ ስድስት ሳምንታት ደግሞ የሥልጠናው ስድስት ሳምንታት ነበሩ። ደንቡ ውስጥ አንዲት ቀዳዳ አለች፦ እውቅና ያለው ክበብ መሪ የሆነ ተማሪ ልምምዱን ወደ ዕረፍት ወራት ማዛወር ይችላል። የአንድ-ሁለት ክበብ እውቅና አልነበረውም። ወደ ተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ ሄዳ ጠየቀች። ኃላፊው ማኅተሙን እንደ ሕፃን ልጅ ከፊቱ የማያርቅ፣ ጉሮሮውን ሳይጠርግ «እሺ» የማይል ሰው ነው።

«ይታያል» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «አትሥጊ።»

ሞኟ አልሠጋችም። ከኃላፊ አፍ የወጣን «አትሥጊ» እንደ ተፈረመ ሰነድ የሚቆጥር ሰው የቢሮ በር ባይረግጥ ይሻለው ነበር። ጓደኞቿ የመስክ መሣሪያቸውን ተሸክመው ሲሄዱ እሷ ቀረች። እናቷ «ዘንድሮ መስክ አትወጡም እንዴ?» ስትላት፣ «ለእኔ ተዛውሮልኛል እማዬ» አለች። ይህች ውሸት ከአፏ ስትወጣ ቀላል ነበረች፤ በየቀኑ እየከበደች ሄደች።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤው መጣ። ክበቡ እውቅና የሚያገኘውና ክፍሉ የሚጸናለት፣ በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ አሥራ ሁለቱ ጀማሪዎች ዳንሱን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው በኮሚቴ ፊት ካሳዩ ነው። አሠልጣኟ ከኮሚቴው ጎን ትቀመጣለች፤ ቃል ብትተነፍስ ወይም ምልክት ብትሰጥ ፈተናው ይሰረዛል። ካልተሳካ ክፍሉ የተሰበሩ ወንበሮች ማስቀመጫ ይሆናል። የኮሚቴው የሙያ አባል፦ ላስቲክ። ደብዳቤውን ስታነብ የመስክ ልምምዱ ግማሽ አልፎ ነበር፤ ልሂድ ብትልም የሚቀበላት የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ እንደ መጋዝ ብናኝ አፏ ውስጥ ይዞር ጀመር። ለአሥራ ሁለቱ አልነገረቻቸውም፤ ከነገረቻቸው እግራቸው ጭራሽ እንደሚደርቅ ታውቃለች። ፈገግ ትላለች፣ ትቆጥራለች፣ ጠመኔውን ታደምቃለች።

ቀኑ ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ የስም ዝርዝር ለማስፈረም ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት ዋለች። እናቷ በኋላ እንደነገረቻት፣ በዚያው ሰዓት ኃላፊው በኮሪደሩ ሲያልፍ በሩን ገፋ አድርጎ ወለሉን አየ።

«እናት! ምንድን ነው ይኼ?»

«የልጆቹ ሥዕል ነው ጌታዬ።»

«ይኼ ኮሌጅ ነው ወይስ መዋዕለ ሕፃናት? በዘጠኝ ሰዓት ኮሚቴ ይገባል። ወለሉ እንደ መስታወት ይብራ!»

እናትየው ብቻዋን ቆማ አሰበች። እሷ ለልጇ ክፉ አታስብም፤ መከራው የመጣውም ከዚያ ነው። እንግዳ ሊመጣ ነው፤ ለዚያውም የልጄ እንግዳ። የትኛዋ እናት ናት የልጇን እንግዳ የተሞነጫጨረ ወለል ላይ የምታስገባ? ደግሞ ስድስት ሳምንት ተምረዋል፤ እስካሁን ያልገባቸው መቼ ሊገባቸው ነው? በጉልበቷ ተንበርክካ መቶ ዘጠና ሁለቱን እግሮች አንድ በአንድ ፍቃ አጠፋቻቸው። ሰም ቀባች። ወለወለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ እንደዚያ የበራ ወለል አውጥታ አታውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው አሥራ ሁለቱ ጸጉራቸውን ተበጥረው፣ ሸሚዛቸውን አስገብተው መጡ። ግንዱ በሩን ከፍቶ ቆመ። ከኋላው ያሉት ጀርባውን ተላተሙ።

«ወለሉ የት ሄደ?» አለ።

አንድ-ሁለት በክንዱ ሥር አጮልቃ አየች። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጸድቶ በሚያበራው ወለል ላይ ተኝታለች። እጇ ለጠመኔ ወደ ቦርሳዋ ሲሄድ ግን ቀና ብላ አየች፤ ኮሚቴው ተቀምጧል። ኮሚቴ ከተቀጠረበት ሰዓት ቀድሞ የመጣበት ቀን በኮሌጁ ታሪክ ይኸው አንድ ቀን ብቻ ነው።

«ጌታዬ፣ አሥር ደቂቃ ይስጡኝ። ምልክት ላድርግላቸው።»

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ደብዳቤው ምልክት አይፈቅድም።»

«የእጅ ምልክት እኮ ነው የሚለው! እኔ የምለው የወለል…»

«ምልክት ምልክት ነው። ተቀመጪ።»

ላስቲክ እግሩን አንገቱ ላይ ሊጠመጥም ትንሽ እስኪቀረው ተዝናንቶ ተቀምጧል። «ዳንሰኛ ወለል ያነባል እንዴ?» አለ። ሦስተኛዋ አባል፣ ያላረመችውን የፈተና ወረቀት ተሸክማ የመጣች የሒሳብ መምህርት፣ ቀና አላለችም።

ተቀመጠች። ስፒከሩ ተከፈተ። አሥራ ሁለቱ በግምት ተሰልፈው አቀረቀሩ፤ ከወለሉ ውስጥ የገዛ ፊታቸው ቀና ብሎ አያቸው። ማንም ንቅንቅ አላለም። አምስት ሰከንድ። አሥር። አንዷ ልጅ ግራ እግሯን አንሥታ መለሰችው። ግንዱ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ወለሉ ላይ የሆነ ነገር ይፈልጋል፤ ገንዘቡ የጠፋበት ሰው ይመስል ነበር። አንድ-ሁለት ጥርሷን ነክሳ ውስጥ ውስጡን ቆጠረች፤ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከኮሌጁ በር ወደ ውጭ የሚያስወጣት ደረጃ ነበር።

እናቷ በር ላይ ባልዲና መወልወያ ይዛ ቆማለች። ፈገግታዋ ገና ፊቷ ላይ ነበር። ከዚያ የልጆቹን ያቀረቀረ አንገት አየች፤ የልጇን ፊት አየች፤ ፈገግታዋ ድራሹ ጠፋ። አፏን በእጇ ያዘች። እጇን ስታወርድ መወልወያውን ባልዲው ውስጥ ነክራ ገባች።

«እናት! ምን እያደረጉ ነው?» ኃላፊው ተነሣ።

«ወለል እወለውላለሁ ጌታዬ። ወልውዪ ብለውኝ የለ?»

በግንዱ ፊት ጠብ አደረገች። አንድ ክንድ ወደ ግራ፣ ጠብ። ወደ ኋላ፣ ጠብ። ሰሙ ላይ ያረፈው ውኃ ክብ ሠርቶ በፀሐይ አበራ። «አንድ ቁጥርህ ይኼ ነው» አለችው በሹክሹክታ። «አምስት። ዘጠኝ። አሥራ ሦስት። ሌላውን እግርህ ይሙላው።» ከአንዱ ወደ ሌላው ሄደች፤ ሳትለካ፣ ሳትሳሳት። አንድ-ሁለት በሜትርና በክር ግማሽ ቀን የፈጀችበትን ወለል እናቷ ባንድ መወልወያ ከራሷ ውስጥ አወጣችው። መስኮቱ ሥር ስትደርስ ያቺን የተስተካከለች ሰባት ቁጥር ሳይቀር ጨመረቻት።

«ይኼ ከደንብ ውጭ ነው!» አለ ኃላፊው።

የሒሳብ መምህርቷ ከወረቀቷ ላይ ቀና ሳትል፣ «ደብዳቤው ስለ ውኃ ምንም አይልም። ከመጀመሪያ ይጀምሩ» አለች።

ጀመሩ። የመጀመሪያው ዙር ፍርሃት ነበር፤ በሁለተኛው ትከሻቸው ወረደ፤ ሦስተኛው ላይ ግን አንድ-ሁለት ስድስት ሳምንት ጠብቃ ያላየችውን ነገር አየች። ምልክቱ አራት አራት ብቻ ስለሆነ በመካከሉ ያለውን ራሳቸው መሙላት ነበረባቸው፤ ሞሉትም። ግንዱ ከዘጠኝ ወደ አሥራ ሦስት ሲሻገር ክንዱን ከኪሱ ውጭ የሆነ ቦታ፣ አየር ላይ፣ ዘረጋው። ላስቲክ ሳያስበው ጉልበቱን በጣቱ መምታት ጀመረ። ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ። አንድ-ሁለት ተስፋ አደረገች፤ ምነው ባላደረገች።

የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ በምዕራብ መስኮት ገብታ ያን ትኩስ ወለል እየላሰችው ነበር። መጀመሪያ ከመስኮቱ ሥር ያለችው ሰባት ቁጥር ደረቀች። ከዚያ አምስቶቹ። ለአራተኛው ዙር ወደ ጎረቤቶቻቸው ቦታ ሲሻገሩ የጠበቃቸው የጸዳ፣ የሚያበራ፣ ምንም የሌለበት ወለል ነበር። እናትየው ወደ ባልዲው ሮጠች፤ ኃላፊው እግሩን ዘርግቶ ባልዲውን ወደ ራሱ ስቦ ነበር። ግንዱ አንድ እግሩን አንሥቶ ቆመ። የት ላሳርፈው በሚል ዓይን በቀጥታ እሷን አያት።

«ቀኝ» የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ነበር። ከምላሷ ጫፍ ከወጣ ፈተናው ይሰረዛል፤ ካልወጣ አያልቅም። ሁለቱም አንድ መሆናቸውን እያወቀች፣ ያጠፋትን ደንብ አክብራ ዝም አለች። ግንዱ እግሩን ያነሣበት ቦታ መለሰው። ሙዚቃው አንድ ደቂቃ ሙሉ ብቻውን ደነሰ።

ሦስቱ «አልተሳካም» በሚለው ሥር ፈረሙ። «ሦስቱ ዙር ቆንጆ ነበር፤ የምሬን ነው» አለ ላስቲክ፣ እየፈረመ። መምህርቷም፣ «አራት ይላል፤ ሦስት አራት አይደለም» ብላ ፈረመች። ኃላፊው ማኅተሙን ይዞ መጥቶ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ እናቷ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ እየጠረገች፣ አልደርቅ አላት።

«እኔ ነኝ ልጄ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ለክፍሉ አትዘኚ፤ ሌላ ክፍል…»

«ክፍሉ አይደለም እማዬ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«መስክ አልተዛወረልኝም። አንድም ቀን አልሄድኩም። ዛሬ ካለፍን ነበር የሚዛወረው።»

ልጅቷ ስድብ ጠበቀች፤ ጥፊም ቢሆን ደግ ነበር።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት» አለች እናቷ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠርጌ አስገባሁሽ። ዛሬ ጠርጌ አስወጣሁሽ።»

«አንቺ አይደለሽም። ያለ ጠመኔ እንዲደንሱ ማስተማር ነበረብኝ።»

«እሱስ እውነት ነው» አለች እናቷ፤ አቅፋ ያዘቻት፤ ሁለቱም ሰም ሰም ይሸታሉ።

ሰኞ ስሟ በተሰናባቾች ዝርዝር ላይ ወጣ። እዚያው ሰኞ ኃላፊው ወንበሮቹ ወደ ንድፍ ክፍሉ እንዲገቡ አዘዘ፤ ተሸካሚ መቅጠር ማን ይችላል፣ ተማሪዎቹ ይሸከሙ ተባለ። አሥራ ሁለቱም ከተሸካሚዎቹ መካከል ነበሩ። አንድ-ሁለት የመታወቂያ ካርዷን ለመመለስ ስትሄድ በሩ ላይ እናቷን አገኘቻትና አጠገቧ ቆመች።

ግንዱ ሦስት እግር የቀረው ወንበር ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ገባ። ወንበሩ ወለሉን እንዳያይ ጋርዶበታል። ለራሱ የሆነ ነገር እያዜመ ነበር፤ የፈተናውን ቀን ሙዚቃ። በባዶው ወለል ላይ ወደ ግራ አንድ ክንድ ሄደ፣ ወደ ኋላ መለስ አለ፣ ዞረ፣ ወደ ጎረቤቱ ቦታ ተሻገረ። አራተኛው ዙር ነበር። አንድም ሳያጎድል ጨርሶ ወንበሩን ክምሩ ላይ አስቀመጠና ሌላ ሊያመጣ ወጣ፤ ያደረገውን አላወቀም።

«አየሽው?» አለች እናቷ።

«አየሁት።»

«ንገሪው እንጂ!»

«ብነግረው አቀርቅሮ እግሩን ያይና ይወድቃል። ወንበሩም ይሰበራል።»

«ወንበሩማ ተሰብሮ ነው የመጣው» አለች እናቷ።

አንድ-ሁለት ልትስቅ አፏን ከፈተች። የወጣው ሳቅ አልነበረም። ከዚያ ካርዷን ይዛ በኮሪደሩ ወደ ቢሮው ሄደች፤ እስከ በሩ ድረስ ስንት እርምጃ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቆጥር።